ደረቅ ብርድና እርጥብ ብርድ፦ ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ካርዲፍ ጎዳና

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ግማሽ ማራቶንን በብርድ ስለመሮጥ ነው። ሯጮች ብትሆኑ፣ አሠልጣኞች ብትሆኑ፣ ወይም ልጃችሁ ጎህ ሳይቀድ ቱታውን ለብሶ ከቤት የሚወጣባችሁ ወላጆች ብትሆኑ፣ ለሁላችሁም የሚሆን ነገር ስላለበት አብራችሁን ቆዩ። ቀኖችን ስጠራ በእኛው አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልናገር።

መናገሻ ሲባል ትልልቆቹ የአውራጃውን ስም ያስታውሳሉ። ሯጩ ግን አካባቢውን የሚያውቀው በልምምድ ቦታው ነው። ሳር ሜዳ ሲፈልግ ሱሉልታ ይወጣል፣ ረጅም የአስፋልት ሩጫ ሲኖረው ሰበታ ይወርዳል፣ በቡራዩ በኩል የገፈርሳን አቅጣጫ ይይዛል፣ ዳገት ሲያሰኘው እንጦጦ አለለት። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚያ ነው፤ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህም ለልምምድ መጥቶ የከረመው እዚያው ነው።

በዚህ አካባቢ ቤት ተከራይተው የሚሮጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ከአርሲ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ ገጠር የመጡ ናቸው። ከመካከላቸው ዕድል የቀናው በየካቲት፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ቪዛው ተሳክቶለት ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ ይሄዳል። በእነዚያ ወራት የዚያ አገር ሰው ክረምቱ አለፈ ይላል እንጂ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ልጁ ግን አይፈራም፤ «ብርድማ ሱሉልታ ላይ ለምጄዋለሁ» ይላል። ዛሬ የምናገረው ዋና ነገር ይኼ ነው፦ ሱሉልታ ላይ የለመደው ብርድና እዚያ የሚጠብቀው ብርድ አንድ አይደሉም።

መጀመሪያ የራሳችንን ብርድ እንየው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሱሉልታ ሰማይ ጥርት ያለ ነው። መሬቱ ቀን ከጸሐይ የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የሚይዝለት ደመና የለም። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ከእንጦጦ ጀርባና ከዙሪያው ተራሮች ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ንጋት ላይ ከዳገቱ ይልቅ ዝቅ ያለው ሜዳ የሚበርደው። 12 ሰዓት ላይ ሳሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል፤ እግር ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል፤ የሯጮቹ ትንፋሽ እንደ ጭስ ይታያል። ግን ጸሐይ ብቅ ካለች በኋላ ነገሩ ቶሎ ይለወጣል። 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጓንት ይወልቃል፣ 2 ሰዓት ሲሆን ጃኬቱ ወገብ ላይ ይታሰራል።

ስለዚህ የእኛ ብርድ ሁለት ጠባይ አለው። ደረቅ ነው፤ ሩጫው በገፋ ቁጥርም እየለቀቀ ይሄዳል። የሱሉልታ ልጅ ሰውነት የተማረው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ኋላ ይቀላል። ልብሱንም፣ ፍጥነቱንም፣ ተስፋውንም የሚያሰላው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ካርዲፍ እንሂድ። መጋቢት 17 ቀን 2008 ዓ.ም. የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮና በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ተካሄደ። ኬንያዊው ጂኦፍሪ ካምዎሮር ገና ሲነሱ ተንሸራትቶ ወደቀ፣ ተረገጠ፣ ተነሥቶም መሪዎቹ ላይ ደረሰ። ከዚያ ነፋስና ከባድ ዝናብ በሯጮቹ ላይ ወረደ። ካምዎሮር በዚያ ሁሉ መሐል አምልጦ በ59 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ አሸነፈ። የእኛው አባይነህ አየለ ከሞ ፋራህ ጋር ለሦስተኛነት እስከ መጨረሻው ተናነቀ፤ ሁለቱም በ59 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ተመዘገቡ፣ ነሐሱ ግን የፋራህ ሆነ። አስቡት፤ በዚያ ቀን ሩጫው ሲጀመር የነበረው አየር ሩጫው ሲያልቅ አልነበረም። በእኛ አገር ጊዜ በገፋ ቁጥር የሚያግዘን ሰማይ እዚያ በገፋ ቁጥር ተቃዋሚ ሆነ።

እንግዲህ ብርድ ለሯጭ ጠላት ነው ወይ? አይደለም። እንዲያውም መጠነኛ ብርድ የረጅም ርቀት ሯጭ ወዳጅ ነው። ስንሮጥ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ እርምጃ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ቢሆን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በሙቀት አገር ልብ ደምን ለጡንቻም ለቆዳም ማካፈል ይኖርባታል፤ ቆዳ ካልቀዘቀዘ ውስጥ ይጋላልና። በቀዝቃዛ አየር ግን ሙቀቱ በራሱ መውጫ ስለሚያገኝ ደሙ ለጡንቻ ይተርፋል። ለዚህ ነው ትልልቅ የጎዳና ሩጫዎች በጸደይና በመኸር፣ ያውም በጠዋት የሚካሄዱት። ቀነኒሳ የካቲት 22 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዓድዋ ዋዜማ፣ ለንደን ላይ በነፋሻማ ጠዋት ግማሽ ማራቶን ሮጦ በ1 ሰዓት ከ22 ሰከንድ አንደኛ ወጥቷል። ሹራ ቂጣታም መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የለንደን ማራቶንን ያሸነፈው በቀዝቃዛና ዝናባማ ቀን ነው፤ ያን ዕለት ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ስምንተኛ ወጣ። ስለዚህ «ሐበሻ ብርድ አይችልም» የሚለውን አባባል አልቀበለውም። ዝግጅት ካለ ይቻላል።

ችግሩ የሚጀምረው ብርድ ከሁለት ነገሮች ጋር ሲገናኝ ነው፤ ከውኃና ከነፋስ።

ውኃ ሙቀትን ከሰውነት የሚያርቀው ከአየር ሃያ አምስት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው። የረጠበ ካናቴራ ቆዳ ላይ ሲጣበቅ በልብስና በቆዳ መካከል ያለው፣ የምንታመንበት የሞቀ አየር ይጠፋል። በዚያ ላይ ውኃው በነፋስ ሲተን ተጨማሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በአፋር መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የመጠጥ ውኃቸውን ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ከመኪናው ውጭ ያንጠለጥሉታል፣ ነፋሱ ጆንያውን እያደረቀ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል። ዝናብ ውስጥ በጥጥ ሹራብ የሚሮጥ ሰው ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ደረቅ ሆኖ በጣም የሚሞቀው ጥጥ፣ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም።

የነፋሱን ነገር በቁጥር ላስረዳችሁ። የሙቀት መለኪያው 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እያሳየ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ከሆነ የተጋለጠ ቆዳ የሚሰማው ዜሮ ዲግሪ እንደሆነ ያህል ነው። ሯጭ ደግሞ የራሱን ነፋስ ይፈጥራል። ዮሚፍ ቀጀልቻ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን በአንዲት ሰከንድ ሲያሻሽል በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጥ ነበር። አየሩ ጸጥ ቢል እንኳ ያን ያህል ነፋስ ፊቱን ይመታዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለጤናቸው የሚሮጡ አድማጮቼ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ለተሰንበት ግደይ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ጨርሳዋለች። እኛ በሁለት ሰዓት፣ በሁለት ሰዓት ተኩል እንጨርሰዋለን። በዝግታ የሚሮጥ ሰው የሚያመነጨው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ብርዱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ እጥፍ ነው። ድካም ሲመጣና ሩጫው ወደ እርምጃ ሲለወጥ ሙቀቱ ጭራሽ ይቀንሳል፣ ላቡ ግን ልብሱን እንዳረጠበው ነው። ስለዚህ ብርድ ይበልጥ የሚያሰጋው ከፊት ያሉትን ፈጣኖች ሳይሆን ከኋላ የሚመጣውን ነው። ልብስ ስትመርጡ የሻምፒዮኖቹን ቁምጣ አይታችሁ አትከተሉ።

የእርጥብ ብርድን ኃይል ቦስተን ላይ እንደታየው አድርጎ ያሳየ ውድድር አላውቅም። ሚያዝያ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። ሙሉ ማራቶን ነው፣ ግን ትምህርቱ ለግማሹም ያገለግላል። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ፣ ዝናቡ ዶፍ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት። የእኛዋ ማሚቱ ዳስካ ከቡድኑ ተነጥላ ወጣች። ብቻዋን፣ ነፋሱን የሚከልልላት ሰው ሳይኖር፣ ለብዙ ኪሎ ሜትሮች መራች። ከኋላዋ አሜሪካዊቷ ዴዚሬ ሊንደን መጀመሪያ ላይ ውድድሩን ለማቋረጥ ሁሉ አስባ ነበር፤ ቢሆንም በቡድን ውስጥ ተጠልላ ቆየች። መጨረሻው ላይ ማሚቱ ተደረሰባት፣ ከውድድሩም ወጣች። ሊንደን በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ አሸነፈች፤ ለቦስተን በጣም የዘገየ ሰዓት ነው። ታላላቅ ስም ያላቸው ብዙ ወንዶችና ሴቶች ያን ዕለት አልጨረሱም።

ማሚቱ ደካማ ሆና አይደለም። ጎበዝ ሯጭ ናት፤ ያን ያህል ርቀት በዚያ ማዕበል ፊት መምራት በራሱ ብርታት ነው። ግን ብቻውን ነፋስ የሚገምስ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ነፋሱን ለመግፋት በሚያወጣው ጉልበት፣ አንዴ ነፋሱ በሚነጥቀው ሙቀት። በደረቁ ሱሉልታ ብቻህን ብታመልጥ የምትከፍለው ጉልበት ብቻ ነው።

በወንዶች ያሸነፈው ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ ነበር፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ። በጊዜው የትምህርት ቤት የአስተዳደር ሠራተኛ ሆኖ እየሠራ ነበር የሚሮጠው። ያ ሰው ከቦስተን በፊት፣ ታኅሣሥ 23 ቀን፣ እዚያው ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ ማራቶን ሮጦ ነበር። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ነው። በግል ሰዓት ከተመዘነ ቦስተን ላይ የሚበልጡት ብዙ ነበሩ፤ እሱ ግን መጥፎ አየር ሊያስደንቀው የማይችል ሰው ሆኖ መጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም.፣ የኒው ዮርክን ግማሽ ማራቶን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ያሸነፈው የእኛው በላይ ጥላሁንም እዚያው ኒው ዮርክ ይኖር የነበረ ልጅ ነው። የከተማዋን ብርድ ለውድድር ሲመጣ ሳይሆን በየቀኑ ነበር የሚያገኘው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚሁ ውድድር፣ በነፋሻማና ብርዳማ ጠዋት፣ ቡዜ ድሪባ በአንዲት ሰከንድ ብልጫ አንደኛ ወጥታለች። ሰዓቷ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ነበር። በእንደዚህ ያለ ቀን ሰዓት አይታይም፤ ሰው ነው የሚሸነፈው። ቡዜ ይህን ዐውቃ ጉልበቷን ለመጨረሻው አቆየች።

አሁን ወደ ጤናው ጉዳይ ልግባ፤ እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም የሕይወት ነገር ነው። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና ጋንሱ ግዛት በተካሄደ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ላይ ድንገት በረዶ የቀላቀለ ዝናብና ማዕበል ወርዶ 21 ሯጮች ሞተዋል። ከሟቾቹ ውስጥ በአገሩ ስመ ጥር የነበረ ሻምፒዮን ይገኝበታል። በግንቦት ወር፣ በስስ ልብስ የተጀመረ ሩጫ ነበር።

የሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ35 በታች ሲወርድ አደጋ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሰውነት ምልክት ይሰጣል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ቀጥሎ ጣት አልታዘዝ ይላል፤ የጫማ ክር ማሰር፣ ዚፕ መክፈት ያቅታል። ከዚያ ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ሰውየው ለቀላል ጥያቄ የተምታታ መልስ ይሰጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ብርዱ ሳይለቅ መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው። ሰውነቱ ሙቀት የሚያመነጭበት ጉልበት አለቀ ማለት ነው እንጂ ተሻለው ማለት አይደለም። ይህን ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ አለበት።

እስከዚያው ምን እናድርግ? ከነፋስ እንከልለው። እርጥቡን ልብስ እናውልቅለት፤ ሰው እያየ ነው ብላችሁ አትፈሩ፣ በጋቢ ከልላችሁ አውልቁለት። እናድርቀውና ደረቅ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ደራርበን ደረቱን፣ አንገቱንና ራሱን እንሸፍን። ሙሉ በሙሉ የነቃና መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሞቅ ያለ ሻይ ወይም አጥሚት እንስጠው። እጅና እግሩን በኃይል አንሸው፣ እሳት ላይም አናስጠጋው፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አያውቀውም። አረቄ ደግሞ በጭራሽ። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት የሞቀ ያስመስላል፤ በተግባር ግን የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል። በደጋው አገራችን ብርድ የመታውን ሰው በአረቄ ማከም የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ይህን ለጎረቤቶቻችሁ እንድትነግሩልኝ አደራ እላለሁ።

ወደ ዝግጅት እንምጣ። ለብርድ ሩጫ ትክክለኛው አለባበስ ቆማችሁ ስትጠብቁ ትንሽ የሚበርዳችሁ፣ ከሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር በኋላ ግን የሚመቻችሁ ነው። ቆማችሁ ከተመቻችሁ ልብሱ በዝቷል፤ ታልባላችሁ፣ ላቡ ደግሞ ራሱ ውኃ ነው። ቆዳ ላይ የሚያርፈው ልብስ ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ላብ የማይዝ ቀጭን የስፖርት ካናቴራ ይሁን። ነፋስ የሚመልስ ቀጭን ጃኬት ከወፍራም ሹራብ ይሻላል። ጓንትና ኮፍያ ዋጋቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ግን ትልቅ ነው፤ ሰውነት ሲበርደው መጀመሪያ ደም የሚነፍገው ጣትን ነውና። ብብትና ጭን መሐል ቫዝሊን መቀባት እርጥብ ልብስ እንዳይፍቃችሁ ይረዳል። ውድድሩ እስኪጀመር በዝናብ የምትቆሙ ከሆነ ለራስና ለክንድ ቀዳዳ የተበጀለት ትልቅ ላስቲክ ልበሱ፤ ሩጫው ሲነሣ ትጥሉታላችሁ። ትልልቆቹም ያደርጉታል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ማሟሟቅ በብርድ ጊዜ ረዘም ይበል። የቀዘቀዘ ጡንቻ ይደርቃል፣ የነርቭ ትእዛዝም ይዘገያል፤ ባትና የታፋ ጀርባ የሚጎዱት እንዲህ ባለ ጠዋት በችኮላ ሲነሡ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ዱብ ዱብ በሉ፣ ከዚያ እየተንቀሳቀሳችሁ ሰውነት አፍታቱ፤ ቆሞ መሳሳቡን ለቤት አቆዩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች ካሰባችሁት ፍጥነት ዝግ ብላችሁ ብትሮጡ አትከስሩም። አሟሙቃችሁ በጨረሳችሁበትና ሩጫው በሚነሣበት መካከል ያለው ጊዜ እንዳይረዝም ተጠንቀቁ፤ ውጭ አገር ለውድድር የሚሄዱ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚበርዳቸው እዚያ መነሻው መስመር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ነው።

ስለ ትንፋሽም አንድ ነገር ልበል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአየር ቧንቧን ያደርቃል፤ ከሩጫ በኋላ ጉሮሮ መከርከርና ደረቅ ሳል የሚመጣው ከዚህ ነው። አፍንጫና አፍ ላይ ቀጭን ሻሽ ወይም የአንገት ልብስ ማድረግ የሚገባውን አየር ሞቅ ያለና እርጥብ ያደርገዋል። አስም ያለባችሁ ሐኪም ያዘዘላችሁን የሚሳብ መድኃኒት ሳትይዙ ከቤት አትውጡ።

ምግቡ ላይ ብዙ አልቆይም። በብርድ ውስጥ መንቀጥቀጥም መሮጥም ከአንድ ጎተራ ነው የሚበሉት፤ ጡንቻ ውስጥ ካለው ስኳር። ስለዚህ ባዶ ሆድ ለግማሽ ማራቶን በብርድ አይኬድም። ከሁለት ሦስት ሰዓት በፊት በሶም ቢሆን፣ ዳቦ በማርም ቢሆን፣ የለመዳችሁትን ብሉ። ጥም አይሰማችሁም እንጂ ውኃ ከትንፋሽም ከላብም ይወጣል፤ በውኃ መስጫው ጎንጨት ጎንጨት በሉ። ኩባያውን ግን ደረታችሁ ላይ እንዳታፈስሱት።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልድረስ። በመናገሻ ዙሪያ እርጥቡን ብርድ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለን፤ የበልግና የክረምት ዝናብ። ብዙ ልጆች ሰማዩ ሲጠቁር ልምምዱን ይሰርዛሉ። እረዳቸዋለሁ። ያላቸው አንድ ቱታ፣ አንድ ጫማ ነው፤ ከረጠበ ለነገ አይደርቅም፣ የተከራዩት ክፍልም ራሱ እርጥበት አለው። ቢሆንም በሚያዝያ አውሮፓ ላይ ሊሮጥ የሚያስብ ልጅ፣ በዝናብ መሮጥ ምን እንደሆነ መጀመሪያ እዚያ ማወቅ የለበትም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ካፊያና ነፋስ ባለበት፣ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀለል ያለ ሩጫ ይበቃል። ሲሮጥ ራሱን ይጠይቅ፤ ጓንቱ ሲረጥብ እጁ ምን ሆነ? የትኛው ካናቴራ ተጣበቀበት? የትኛው ቦታ ተፋቀ? ስንት ደቂቃ ላይ ጣቶቹ ደነዘዙ?

ለዚህ ዓይነቱ ሩጫ መንገድ አመራረጥም አለው። ከቤት ስትወጡ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ከጀርባ ይግፋችሁ። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ ላብና ዝናብ ካረጠባችሁ በኋላ፣ ደክማችሁ ሳለ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። በጣም ሩቅ ከመሄድ ይልቅ ቤት አጠገብ መዞር ይሻላል፤ ሰውነት እምቢ ቢል መግቢያ ቅርብ ይሆናል። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን ልምምዱ ያበቃል። የሱሉልታ ሜዳ ገላጣ ነው፣ መብረቅ ከፍ ያለውን ነገር ይፈልጋል፤ ዛፍ ሥርም መጠለያ አይደለም። በሰበታ መንገድ በጭጋግና በካፊያ የምትሮጡ ደግሞ ደማቅ ቀለም ልበሱ፣ ከሚመጣው መኪና ፊት ለፊት በሆነው ጠርዝ ሩጡ፤ የጭነት መኪና ሾፌር ጥቁር ቱታ የለበሰን ሰው በዝናብ ውስጥ የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። የረጠበ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ወረቀቱን እየለዋወጣችሁ ከእሳት ራቅ አድርጋችሁ አድርቁት፤ ምድጃ ላይ የደረቀ ጫማ ሙጫው ይላቀቃል።

የቀረኝ ነገር ከሩጫ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ነው፤ ለአሠልጣኞችና ለክለብ ኃላፊዎች የማቀርበው ልመናም እዚህ ላይ ነው። ሯጭ በብዛት የሚበርደው ከቆመ በኋላ ነው። ሙቀት የሚያመነጨው ሞተር ጠፍቷል፣ ልብሱ ርሷል፣ ቆዳ ላይ የነበረው ቀዝቃዛ ደም ወደ ውስጥ ይመለሳል። ክለብ ያለው ልጅ ሰርቪስ ይጠብቀዋል። ክለብ የሌለው ግን ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ ረጅም ሩጫ ጨርሶ፣ እርጥብ ካናቴራ እንደለበሰ፣ መንገድ ዳር ታክሲ ሲጠብቅ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። ለዚህ ልጅ ደረቅ ካናቴራ፣ ካልሲና ኮፍያ በፌስታል ቋጥሮ መያዝ ከማንኛውም ውድ ጫማ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ሲጨርስ መጀመሪያ ቆዳ ላይ ያለውን እርጥብ ልብስ ያውልቅ፤ እርጥቡ ላይ ጃኬት መደረብ ብርዱን ውስጥ መቆለፍ ነው።

ክለቦችም ሰርቪሳችሁ ውስጥ ጥቂት ብርድ ልብሶችና አንድ ትልቅ ፔርሙዝ ሻይ ይኑር። ክለብ የሌላቸው ልጆች ከጎናችሁ ሲሮጡ ውለው መንገድ ዳር ቆመው ስታዩም ወደ አስኮ ወይም ወደ አዲሱ ገበያ እስክትደርሱ ጫኗቸው። ውጭ የምትልኳቸውን ልጆች ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ጓንት፣ ነፋስ የሚመልስ ጃኬትና ትርፍ ካናቴራ መያዛቸውን እዩላቸው፤ የውድድሩ ከተማ የአየር ትንበያም በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው፣ ዲግሪው ብቻ ሳይሆን ነፋሱና ዝናቡም ጭምር።

የዛሬው ዝግጅታችን በዚሁ አበቃ። በሚቀጥለው ጊዜ ከፍታ ላይ መለማመድ ደማችንን እንዴት እንደሚለውጠው እንነጋገራለን።